ቀይዋ ቁልፍ

ያዮ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል የለበሰ ባለ ሁለት ስፒከር ቴፕ አለ። ዳንቴሉን ገለጥ ሲያደርጉ የጣቢያ መፈለጊያው ሰሌዳ ይታያል። በመካከለኛ ሞገዱ መስመር ላይ፣ ወደ 700 ጠጋ ብላ፣ በመርፌ የተጫረች ምልክት አለች፤ 684 ኪሎኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመቱ ማሠራጫ።

የእንዲህ ዓይነቱ ቴፕ ታሪክ ከካሴት ይጀምራል። ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በርሊን ላይ ለዓለም ያሳየው በነሐሴ 1955 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሬዲዮንና ካሴት መቅጃን አንድ ቀፎ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ሜዳው የጃፓኖቹ ሆነ፤ ናሽናል ፓናሶኒክ፣ ሶኒ፣ ሻርፕ፣ ሳንዮ። ሻርፕማ ሸክላን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ሳይገለበጥ ሁለቱንም ገጽ የሚያጫውት ቴፕ እስከ መሥራት ደርሷል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ተራው ቴፕ ነው። አንቴናውን ውሰዱ። የሚመዘዘው ዘንግ ለአጭር ሞገድና ለኤፍኤም ነው። መካከለኛ ሞገድን የሚይዘው ቀፎው ውስጥ የተጋደመ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው። ስለዚህ መቱ ስትደክም መፍትሔው ቴፑን እንዳለ ማዞር ነው፤ አክስቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። የጀርመን ድምፅን ለመስማት ደግሞ ወደ አጭር ሞገድ ማዞርና ዘንጉን መምዘዝ ነው። የኤፍኤሙ መስመር ዝም ብሎ ኖረ፤ አዲስ አበባ ራሷ ኤፍኤም 97.1ን የሰማችው በ1992 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የምወዳት ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ነው። እዚህ ቴፕ ላይ ብቻዋን አትሠራም፤ ከማጫወቻዋ ጋር አብራ ትጫናለች፣ እጅ ስቶ የሰው ድምፅ እንዳያጠፋ። ካሴቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፣ ለየገጹ አንድ አንድ። ጥርሱ ከተሰበረ ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት ክፍተቱን ታገኝና ቁልፏን ትይዛታለች። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ክፍተቱን በፕላስተር ይሸፍናል። የሚቀረውንና የሚጠፋውን የሚወስነው አድማጩ ነበር፤ ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

አክስቴ አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አላት። የመጀመሪያው ገጽ ከሬዲዮ የተቀዳ ዘፈን ነው፤ ከመሐል ተናጋሪው እየገባ ያቋርጠዋል። ሁለተኛው ገጽ ለአዲስ አበባ ዘመድ የተላከ የእናቷ የድምፅ ደብዳቤ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጥቷል። ክረምት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ተናጋሪ ዝም ሲል ቴፑ የቀረጻውን ድምፅ በራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ እናት ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ዝናቡ ይበረታል፣ ሲናገሩ መልሶ ይርቃል። ጎረቤቶች ስለ ቡናው ሲጠያየቁ ይሰማል።

ካሴቱን ገልብጬ አየሁት። የዘፈኑ ገጽ ጥርስ እንዳለ ነው። የደብዳቤው ተሰብሯል።