ገበያ በደራበት ሰዓት ኔትወርክ የሚጨናነቀው ለምንድን ነው?

በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ በሬውን የሸጠ አርሶ አደር ገንዘቡ በስልክ እስኪገባለት ቆሞ ይጠብቃል። ገዥው “ልኬያለሁ” ይላል፤ በሻጩ ስልክ ግን የደረሰ ነገር የለም። የሲግናል ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኔትወርኩ አይንቀሳቀስም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም በኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመሩ ወዲህ በስልክ መገበያየት እየተለመደ በመምጣቱ፣ የኔትወርክ መዘግየት የወሬ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። የመዘግየቱ ምክንያትና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ሙሉ ሲግናል ክፍት መስመር ማለት አይደለም

በስልክ ላይ የሚታየው የሲግናል ምልክት ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ጥንካሬ እንጂ በዚያው ሰዓት ስንት ሰው ማማውን እየተጋራ እንደሆነ አያሳይም። አንድ ማማ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን የተወሰነ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ስልኮች ሁሉ ይካፈሉታል። ከማማው የራቀና ሲግናሉ የደከመ ስልክ ያንኑ መልእክት ለማድረስ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ የሌሎችንም ድርሻ ያጠባል።

የወፍጮ ቤቱ ስሌት

ጉዳዩን ለመረዳት ለአንድ ደንበኛ በአማካይ 6 ደቂቃ የሚፈጅ ወፍጮ እንውሰድ። ደንበኞች የሚመጡት ያለ ቀጠሮ ነው፤ የሚያስፈጩት እህል መጠንም ከሰው ሰው ይለያያል። ወፍጮው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሲሠራ አንድ ሰው ከመጣበት እስከሚሄድበት በአማካይ 12 ደቂቃ ይቆያል። ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ ቆይታው 30 ደቂቃ፣ 90 በመቶ ሲደርስ 1 ሰዓት፣ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። በመጨረሻ የተጨመረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ቆይታው ግን እጥፍ ሆኗል። ጠዋት ደኅና የነበረ ኔትወርክ ገበያው ሲሞላ በድንገት የቆመ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ስሌት ለስልክ አገልግሎት ያዋለው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። የመጀመሪያ ጥናቱን እ.ኤ.አ በ1909፣ ስመ ጥር ያደረገውን ቀመር ደግሞ በ1917 አሳተመ። በቀመሩ መሠረት 10 መስመር ባለበት ቦታ በአማካይ 5 መስመር የሚይዝ ጥሪ ሲመጣ ከ100 ጥሪ መስመር የሚያጡት 2 ያህሉ ናቸው። ጥሪው በእጥፍ ሲጨምር ግን መስመር የሚያጡት 21 ይደርሳሉ።

ደጋግሞ መሞከር መጨናነቁን ያባብሳል

ስልክ አገልግሎት ሲፈልግ በቅድሚያ አጭር ጥያቄ ወደ ማማው ይልካል። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት ከላኩ ጥያቄዎቹ ተጋጭተው ሁለቱም ሳይሰሙ ሊቀሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኖርማን አብራምሰን መሪነት ሥራ በጀመረው አሎሃኔት በተባለ የሬዲዮ መረብ ይህ በግልጽ ታይቷል። ሁሉም በፈለገው ቅጽበት ሲልክ መስመሩ ቢበዛ 18 በመቶው ብቻ ፍሬ ያለው ሥራ ይሠራል፤ ጊዜው በእኩል ተከፋፍሎ በየክፍሉ መጀመሪያ ብቻ ሲላክ ወደ 37 በመቶ ያድጋል። ከዚያ በላይ ሲጨናነቅ የሚያልፈው መልእክት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የዛሬዎቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮችም የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት በተቀራራቢ ስልት ነው። ስለሆነም ሁሉም ሰው ያለ ፋታ ደጋግሞ ሲሞክር ሁሉም ይዘገያል።

የአንድ ክፍያ ጉዞ

የክፍያ ትእዛዝ ከማማው ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ የምስጢር ቁጥሩ ይረጋገጣል፤ ቀሪ ሒሳብ ይታያል፤ ገንዘቡ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይመዘገባል፤ በመጨረሻም ማረጋገጫ ይላካል። እነዚህን ሥራዎች የተለያዩ ኮምፒውተሮች ሊከፋፈሏቸው ይችላሉ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከ100 ሥራ 1 ብቻ ቢያዘገይ እንኳ፣ በ5 ኮምፒውተሮች የሚያልፍ ክፍያ ከ100 ጊዜ 5 ያህሉን ይዘገያል። የጉግል ባለሙያዎች ጄፍ ዲንና ሉዊዝ ባሮሶ እ.ኤ.አ በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የ100 ኮምፒውተሮችን ምላሽ የሚጠብቅ ሥራ ከሆነ ከ100 ጊዜ 63ቱን ይዘገያል።

ከሁሉም በላይ ማረጋገጫው አለመድረሱ ክፍያው አለመፈጸሙን አያሳይም። ገንዘቡ ተቀንሶ መንገድ ላይ የቀረው ማረጋገጫው ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ እንደገና መላክ ሁለት ጊዜ መክፈልን ሊያስከትል ይችላል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

• ከፋይ ማረጋገጫ ካልደረሰው እንደገና ከመላኩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ቀሪ ሒሳቡንና የክፍያ ዝርዝሩን ይመልከት።

• ሻጭ በገዥው ስልክ የሚታየውን መልእክት አምኖ ከብቱን ወይም እህሉን አያስረክብ፤ ገንዘቡ መግባቱን በራሱ ስልክ፣ ከራሱ ቀሪ ሒሳብ ያረጋግጥ።

• ጥሪ እምቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄያት ስለሆነ ማሳጠር ይጠቅማል።

• የሚቻል ከሆነ ክፍያውን ገበያው ከመሙላቱ በፊት መጨረስ ይመረጣል።

የኔትወርክ መሐንዲሶች አቅምን የሚመጥኑት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ልክ ነው። የገበያ ቀን ጭነት ከሳምንቱ አማካይ ጋር ተደባልቆ ከተለካ ግን ችግሩ ይሸፈናል፤ ስድስት ቀን ጭር ያለ ማማ በሰባተኛው ቀን መጨናነቁ ከአማካዩ አይታይም። ስለዚህ አቤቱታ የሚያቀርብ ነዋሪ “ኔትወርክ የለም” ከማለት ይልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ፣ የሲግናል ምልክቱ ሙሉ እንደነበረም ጨምሮ ቢያመለክት የጎደለው ሞገድ ይሁን አቅም ለመለየት ያግዛል።