ስሊቭ ቫልቭ

ስሊቭ ቫልቭ በሞተር ውስጥ በሲሊንደርና በፒስተን መካከል የሚንሸራተት ስስ የብረት ቱቦ ነው። የቱቦው መስኮቶች ከሲሊንደሩ መስኮቶች ጋር ሲገጣጠሙ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ይገባል፣ የተቃጠለው ጋዝም ይወጣል። ስለዚህ ቴስታታ ላይ የሚቀመጡት የተለመዱ ቫልቮችና ሞላዎች አያስፈልጉም።

የማንቀሳቀሻው ስልት ሁለት ዓይነት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ዬል ናይት አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ቱቦ ተጠቀመ። ቱቦዎቹን በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት የሚዞር ዘንግ በአጫጭር ቢዬላዎች አማካይነት ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሳቸዋል። ይህ ሞተር የተገጠመላቸው የእንግሊዙ ዳይምለር መኪኖች በጸጥታቸው ታወቁ፤ ሆኖም ዘይት አብዝተው ያቃጥሉ ነበር።

በርትና ማኮለም የተባሉ ሁለት ፈልሳፊዎች በየፊናቸው የደረሱበት ሁለተኛው ስልት አንድ ቱቦ ብቻ ይበቃዋል። ከቱቦው ግርጌ ላይ በድቡልቡል መጋጠሚያ የተያያዘች ትንሽ ክራንክ ስትዞር ቱቦው ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝም ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱ ነጥብ የእንቁላል ቅርጽ ያለው መንገድ ይሄዳል። ቱቦው ፈጽሞ ስለማይቆም የዘይቱ ሽፋን በሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል። የዚህ ስልት ብልሃት ግሩም ነው።

ሮይ ፌደን በብሪስቶል ኩባንያ የመራው ቡድን ይህን ስልት ለአውሮፕላን አበቃው። ባለ14 ሲሊንደሩ የኩባንያው ሞተር ሄርኩለስ በእያንዳንዱ ቱቦ 4፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 5 መስኮቶች አሉት፤ 3ቱ መግቢያ፣ 2ቱ መውጫ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጄት ሞተር ቦታውን ወሰደ።