ስማርት አምፖል ልትገዙ ነው? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆነውን ቀድማችሁ እወቁ

ኮምቦልቻ ሥራ አምሽታችሁ ሐረጎን እየወጣችሁ ነው እንበል። ደሴ ያለው ቤታችሁ ጨልሟል። ስልካችሁን ነካ ስታደርጉ የበረንዳው መብራት ቦግ ይላል። ስማርት አምፖል የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ገዝቶ "አልሰራልኝም" ብሎ የሚተወው ግን አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አምፖሉ ሳይሆን አገናኘቱ ነው። መታወቅ ያለበትን በአጭሩ አዘጋጅተንላችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

የአምፖሉ አንገት ከቤታችሁ መያዣ ጋር መግጠም አለበት። የሚጠመዘዘው ኢ27፣ ባለ ሁለት ጥርሱ ደግሞ ቢ22 ይባላል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ አምፖል 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እንዳትሰኩት፤ ይቃጠላል።

ከስልክ ጋር ማገናኘት

1. የአምፖሉን መተግበሪያ ጫኑ። ብዙዎቹ ርካሽ አምፖሎች "ስማርት ላይፍ" በሚባለው ይሰራሉ።
2. ስልካችሁን 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ አድርጉ። አብዛኞቹ አምፖሎች 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። ብሉቱዝና ሎኬሽን ክፈቱ፣ ቪፒኤን ዝጉ።
3. አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካላለ ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ሦስት ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩት። ብልጭ ሲል መተግበሪያው ላይ የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ ጨምሩት።

በስልካችሁ ሆትስፖት ካገናኛችሁት ስልኩን ይዛችሁ ስትወጡ አምፖሉም ከኢንተርኔት ይወጣል። ከሩቅ ለመቆጣጠር ቤት የሚቀር ዋይፋይ ያስፈልጋል። የአከራያችሁን ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ፓስወርዱ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ማገናኘት ግድ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ

እሱ ሁሌም እንደበራ ይቆይ። እናት በልማድ ሲያጠፉት አምፖሉ ኤሌክትሪክ ስለማያገኝ ስልካችሁ "ኦፍላይን" ይላል። ለቤተሰቡ ቀድማችሁ ንገሩ። አምፖሉ ሳይበራ ሲጠብቅ የሚወስደው ኃይል ግማሽ ዋት ገደማ ነው። በወር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ የቆጣሪ ካርዳችሁን አይጎዳም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ

ዋናው ይሄ ነው። ብዙ አምፖሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤሌክትሪክ በመጣ ቁጥር እንዲበሩ ተደርገው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ መኝታ ቤቱ ቀን ይሆናል፤ ቤት ሰው ከሌለ ደግሞ እስክታጠፉት ይነድዳል። የአምፖሉ ሴቲንግ ውስጥ "ፓወር ኦን ቢሄቪየር" የሚለውን ፈልጉና "ወደነበረበት ይመለስ" የሚለውን ምረጡ። አንዳንዶቹ ላይ "ዱ ኖት ዲስተርብ" በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ እሱን ከከፈታችሁት መብራት ሲመጣ አምፖሉ ጠፍቶ ይቆያል። ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ መብራት እንደመጣ ጥቂት ደቂቃ ታገሱት።

የሰዓት ነገር

መተግበሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ማታ 12 ሰዓት እንዲበራ ፈልጋችሁ 12:00 ፒኤም ከሞላችሁ ቀን በ6 ሰዓት ይበራል። ትክክለኛው 6:00 ፒኤም ወይም 18:00 ነው።

ማብሪያው በማን እጅ ነው?

ባለሙያ ወይም ሻጭ በራሱ አካውንት አገናኝቶ ከሰጣችሁ የቤታችሁ ማብሪያ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። መቼ እንደምታበሩ፣ መቼ እንደምታጠፉ፣ ማለትም ቤት መኖር አለመኖራችሁን ከስልኩ መገመት ይችላል። ስለዚህ በራሳችሁ ስልክና አካውንት አገናኙ። ለቤተሰብ ፓስወርድ ከመስጠት "ሼር ዲቫይስ" ተጠቀሙ፤ ሲያስፈልግ መልሳችሁ ትሰርዙታላችሁ። አምፖሉን ስትሸጡ ወይም ቤት ስትለቁ ከአካውንታችሁ አጥፉት። ያገለገለ ከገዛችሁም የቀድሞው ባለቤት ከራሱ ላይ ማጥፋቱን እዚያው አረጋግጡ፤ ካለበለዚያ በእናንተ ስልክ አልገናኝ ሊላችሁ ይችላል።