ኑዛዜና ርስት፤ የሟች ቃል በሕያዋን መካከል

በአማርኛ «ተናዘዘ» የሚለው ግስ ሁለት ሰዎችን ያመለክታል፤ ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የዘረዘረውንና ሀብቱን ለወራሾቹ ያከፋፈለውን። የቃሉ ሥር በግእዝ ማጽናናት የሚለውንም ፍቺ ይዟል። ሦስቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ሥር መጠለላቸው በአጋጣሚ አይደለም። በቀደሙት መቶ ዓመታት፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያን ኅብረተሰብ ዘንድ፣ ነፍስን ማሰናበትና ንብረትን ማከፋፈል በአንድ አልጋ ዙሪያ፣ በአንድ ካህን ፊት የሚፈጸም ሥርዓት ነበርና።

ታማሚው ሞቱ መቃረቡን ሲያውቅ የነፍስ አባቱ ይጠራል። ሽማግሎች እማኝ ሆነው ይቀመጣሉ። ተናዛዡ ያበደረውንና የተበደረውን ይናገራል፤ ለፍትሐትና ለተዝካር የሚውለውን ይለያል፤ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹ፣ በእርጅናው ለጦረው ሰው የሚተወውን ይቈርጣል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ከዚህ ኑሮ የበቀለ ነው። የጦረና የቀበረ ሰው፣ የሥጋ ዘመድ ባይሆን እንኳ፣ ከሟች ቤት የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

ለዚህ ሥርዓት የተጻፈ ሕግም ነበረው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ለየብቻቸው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በሊቃውንትና በታላላቅ ችሎቶች እጅ ሲመረመር፣ ገበሬው በአብዛኛው የሚዳኘው በአገሩ ልማድ ነበር።

የልማዱ ትልቁ ምሰሶ ርስት ነው። ርስት የሟች የግል ጥሪት አልነበረም። መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም ሐረግ እየተቈጠረ፣ ለሴትም ለወንድም የሚደርስ የትውልድ መብት ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዚህን መብት ጽናት ይመሰክራል። ስለዚህ ተናዛዡ እንደ ልቡ ሊያዝዝ የሚችለው በከብቱ፣ በእህሉ፣ በጦር መሣሪያውና በገንዘቡ በገዛው ነገር ላይ ነበር። በርስቱ ላይ የሚናገረው ቃል ግን ከዘር ቈጠራ ጋር ይጋጭ ነበር። የብዙ ዘመን የርስት ክርክር ምንጩ ይኸው ግጭት ነው፤ አንዱ ወገን የሟችን ቃል፣ ሌላው ወገን የአያቱን ስም ይዞ በዳኛ ፊት ይቆማል።

በጎንደር ዘመን ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በተለይ በ18ኛው መቶ ዓመት መሬት በገንዘብ ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ጉልትም በቤተሰብ እጅ እየቈየ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ባለ ሀብቶች ከልጆቻቸው አንዱን «አለቃ» ብለው በመሰየም ዋና ወራሽ ያደርጉት ጀመር። እንዲህ ያሉ ኑዛዜዎችና ሽያጮች በአድባራት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ተጽፈው ቈይተውናል። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት እነዚህን ሰነዶች በስፋት መርምሯል፤ ሴቶችም መሬት ሲያወርሱ፣ ሲገዙና ሲከራከሩ በሰነዶቹ ውስጥ እንደሚታዩ አሳይቷል።

ጽሑፉ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የሚሰፍረው ማንም ሊፍቀው እንዳይደፍር ነው። ብዙውን ጊዜም በውግዘት ይታሰራል፤ ቃሉን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሆናል። እዚህ ላይ ለኪነ ጥበብ ሰው ትምህርት አለ። ኑዛዜ አስቀድሞ የሚነገር፣ የሚሰማና የሚመሰከርበት ቃል ነበር። የአነጋገር ሥርዓት፣ የሚያዳምጥ ጉባኤ፣ የሚያስፈራ መደምደሚያ ነበረው። የዳኛው እጅ በማይደርስበት ስፍራ የሟች ቃል ራሱ ዘብ እንዲቆም ይፈለግ ነበር።

ነገር ግን የቃሉን ውበት ስናደንቅ የተሸከመውን ግፍ መርሳት አይገባንም። በዚያ አልጋ ዙሪያ ሰውም እንደ ከብት ይወረስ ነበር። አንዳንዱ ተናዛዥ ለነፍሱ ሲል ባሪያውን ነጻ ያወጣል፤ ፍትሐ ነገሥቱም ይህን በጎ ሥራ ያሞግሳል። ሌላው ግን ባሪያውን ለልጁ ያወርሳል። የአንድ ሰው ነጻነት በሌላ ሰው የመጨረሻ ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥሎ ይቈይ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጉልት ሲወረስም የሚወረሰው የገባሩ ላብ ነበር፤ ገባሩ ግን ከእማኝነትም ከውርስም ውጭ ነው።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ቅርጹን ለወጠ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በሦስት ከፈለው፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍና በቃል የሚነገር። በቃል የሚነገረው የቀብርን ሥርዓት ከመወሰን፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ከመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ከመስጠት እንዳያልፍ ተወሰነ። የ1967ቱ አዋጅ ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የሟች ቃልና የዘር ሐረግ ለዘመናት የተፋለሙበት ርስት ከእነ ክርክሩ ቀረ።

የቀሩልን በየኅዳጉ የሰፈሩት ጽሑፎች ናቸው። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ለመድረኩ ሊያነባቸው ይገባል። ሲያነባቸውም ማን ምን እንደ ወረሰ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተወረሰ ይጠይቅ። የአያቶቻችንን ታሪክ ሙሉ የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ነው።