የኤርትራ ምክር ቤት ሥራና ፍጻሜ (1944–1955 ዓ.ም.)

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና፣ ይህችን ጽሑፍ ካስጀመረን ነገር እንነሣ። በቅርቡ በክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ እንኳ መጥፎ አልነበረም። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁላችንም ተከተልነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ። ማታ መኝታ ቤት ተሰብስበን ስንጫወት ታዲያ ከስምንታችን ሦስታችን ሐሳቡን ፈጽሞ የማንፈልገው ሆነን ተገኘን። «ለምን አጨበጨብክ?» ሲባል መልሱ «ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ምን ልሁን!» ሆነ። ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ በታሪክ ያነበብነው ምክር ቤት ትዝ አለንና ሳቃችን ደስ አላለንም።

ይህ ምክር ቤት በአሥመራ ይሰበሰብ የነበረው የኤርትራ ምክር ቤት ነው፤ በትግርኛ «ባይቶ» ይሉታል። ስለ ፌዴሬሽኑ ዘመን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የትላልቅ ሰዎች ስም፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውሳኔና ኋላ የተከተለው ጦርነት ነው። እኛ ግን ከዚያ ዝቅ ብለን፣ ምክር ቤቱ ሥራውን እንዴት ያካሂድ እንደ ነበር፣ አንድ ረቂቅ ከየት ተነሥቶ በማን በማን እጅ አልፎ ሕግ ይሆን እንደ ነበር ለማየት እንሞክራለን። ምክንያቱም ይኸ ምክር ቤት የሞተው ደረጃው አንድ ባንድ ሲታለፍ ቆይቶ ነው እንጂ ባንድ ቀን አይደለም የሚል እምነት አለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በቁጥር 390 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኤርትራ የራሷ አስተዳደር ያላት ክፍል ሆና በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ተወሰነ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የክፍለ ግዛቶች ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ የውጭና የእርስ በርስ መገናኛ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጠ። ከዚያ የተረፈው የኤርትራ ነው። ውሳኔው ማንንም ልቡ እስኪጠግብ አላስደሰተም። አንድነት ፈላጊው ሙሉ አንድነት፣ ነፃነት ፈላጊው ሙሉ ነፃነት ይፈልግ ነበርና። እንዲህ ያለ የመካከለኛ ስምምነት የሚቆመው ሁለቱም ወገን የሚያከብረው የአሠራር ሥርዓት ሲኖረው ብቻ ነው።

በመጋቢት 1944 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጎ 68 አባላት ተመረጡ፤ 34 ክርስቲያኖች፣ 34 እስላሞች። በአሥመራና በምጽዋ ሕዝቡ በቀጥታ ሲመርጥ፣ በሌላው አገር ግን የየጎሣውና የየመንደሩ ተወካዮች ናቸው የመረጡት። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። የአንድነት ፓርቲ 32 መቀመጫ ሲያገኝ የተቀረው ለሙስሊም ሊግና ለዴሞክራሲያዊው ግንባር፣ ለምዕራባዊው ቆላ ሙስሊም ሊግና ለሌሎች ተከፋፈለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከግማሽ በላይ የያዘ ወገን አልነበረም። ማንም ብቻውን ምንም ሊያሳልፍ አይችልም፤ መነጋገር ግድ ነው።

የቦሊቪያው ተወላጅ ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ሆኖ ያዘጋጀውን የሕገ መንግሥት ረቂቅ አባላቱ ተወያይተውበት ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ተቀበሉት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ነሐሴ 5 ቀን አጸደቁት። ነሐሴ 22 ቀን ተድላ ባይሩ ዋና አስፈጻሚ ሆነው ተመረጡ፤ የምክር ቤቱን ሊቀ መንበርነት ዓሊ ረዳኢ ያዙ። የ1945 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ፌዴሬሽኑ በሥራ ላይ ዋለ።

እስቲ አሁን የአንድን ረቂቅ መንገድ እንከተል። ረቂቁን ከአባላቱ አንዱ ሊያነሣው ይችላል፤ ወይም ዋናው አስፈጻሚ ያቀርበዋል። ምክር ቤቱ በራሱ የውስጥ ደንብ መሠረት ይመለከተዋል፣ ይከራከርበታል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። የሥራ ቋንቋዎቹ ትግርኛና ዓረብኛ ነበሩና የአንዱ ነገር ለሌላው መተርጎም ነበረበት። ይኸ ለችኩል ሰው አሰልቺ ነው፤ ግን ነገርን ሁለት ጊዜ መስማት ማለት ሁለት ጊዜ ማሰብ ማለት ነው።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ሊቀ መንበሩ ወዲያው ወደ ዋናው አስፈጻሚ ይልከዋል። ዋናው አስፈጻሚ ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ያስተላልፈዋል። እንደራሴው ረቂቁ የፌዴራሉን ሥልጣን የሚነካ ወይም ፌዴሬሽኑን በውጭ አገር ኃላፊነት ላይ የሚጥል ሆኖ ካገኘው፣ ድምፅ በተሰጠ በ20 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ «እንደገና ተመልከቱት» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልብ በሉ፤ መጠየቅ ነው እንጂ መሻር አይደለም። ረቂቁ ተመልሶ ከመጣ ምክር ቤቱ እንደገና ይመክርበታል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚያልፈው ከሦስት ሁለቱ እጅ ድምፅ ሲያገኝ ነው። ካለፈ ሕግ ነው፤ በጋዜጣ ታትሞ ይወጣል። ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር ከተነሣ ደግሞ የኤርትራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

ሕግ ማውጣት ብቻ አልነበረም ሥራው። በጀት ያጸድቃል። አባላቱ ለአስፈጻሚው ክፍል በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ አጠር ያለውን በቃል ይጠይቃሉ፤ አስፈጻሚውም መመለስ አለበት። አሥር አባላት ከጠየቁ በመንግሥቱ አካሄድ ላይ ክርክር ይከፈታል። የስብሰባው ዘመን ሲከፈትና ሲዘጋ እንደራሴው መጥቶ የዘውዱን ንግግር ያነባል፤ ንግግሩም ለኢትዮጵያና ለኤርትራ የጋራ በሆነው ጉዳይ ላይ የተወሰነ ነው።

እኛ ይህን ስናነብ የትዝታችን መንገድ ወደ በላ ልበልሃው ችሎት ወሰደን። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ ዋስ ሳይጠራ፣ ተራ ሳይጠበቅ፣ «ተጠየቅ» ሳይባል ነገር አይጀመርም ነበር። ሥርዓቱ ለጌጥ አይደለም። ጉልበተኛው ደካማውን ቀድሞ እንዳይውጠው የተበጀ አጥር ነው። የ20 ቀኑ ነገር፣ የሁለተኛው ድምፅ ነገር፣ የሦስት ሁለቱ እጅ ነገርም እንደዚያው ነው።

ታዲያ አጥሩ እንዴት ፈረሰ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ነው ነገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክር ቤቱ ይናገር ነበር። ከቀረጥ ገቢ ለኤርትራ የሚደርሰው ድርሻ ያከራክር ነበር፤ ቀረጡን የሚሰበስበው ፌዴራሉ መንግሥት ነበርና። በግንቦት 1946 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌዴራሉ መንግሥት በኤርትራ የውስጥ ጉዳይ ገባብን ሲል አቤቱታ አሳለፈ። ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ መልስ የሚመስለው በዓመቱ ግድም መጣ። መጋቢት 13 ቀን 1947 ዓ.ም. እንደራሴው ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ በምክር ቤቱ ፊት ባሰሙት ንግግር፣ ለእንደራሴው ጽሕፈት ቤት የኤርትራ የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ አስታወቁ። ንግግሩ ሕግ አልነበረም፤ ድምፅ አልተሰጠበትም። ነገር ግን ያ የ20 ቀን ጥያቄ የተመሠረተው «ይኸ የእናንተ፣ ያ የፌዴራሉ» በሚለው ልዩነት ላይ ነበር። ልዩነቱ የለም ከተባለ ጥያቄው ምን ይሠራል?

በሐምሌ 1947 ዓ.ም. ተድላ ባይሩ ከሥልጣን ወረዱ። ራሳቸው ከአንድነት ፓርቲ መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ሆኖም በአንድ በኩል አዲስ አበባን፣ በሌላ በኩል ምክር ቤቱን ማስደሰት አልሆነላቸውም። ሊቀ መንበሩ ዓሊ ረዳኢም አብረው ለቀቁ። በነሐሴ ወር አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ተተኩ። አስፍሐ የእንደራሴው ምክትል ነበሩ፤ ዋና አስፈጻሚ ከሆኑም በኋላ ያን ማዕረግ እንደ ያዙ ቆዩ። በእኛ አስተያየት የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ረቂቁን «ዋናው አስፈጻሚ ለእንደራሴው ያስተላልፋል» ሲል ሁለት እጆች አስቦ ነበር። አሁን ላኪውም ከተቀባዩ ቤት ሆነ። ከሕጉ ፊደል አንድም አልተፋቀም እኮ! መንገዱ ግን ተዘጋ። በዚሁ ዓመት የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር የሆኑት ኢድሪስ መሐመድ አደም ከአስፍሐ ጋር ስላልተስማሙ በ1948 ዓ.ም. ወንበሩን ለቀቁ፤ ኋላ ወደ ካይሮ ተሰደው የኤርትራ ነፃነት ግንባር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በምክር ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ለመከራከር ያልተቻለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1951 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ እንዲወርድ ወሰነ። ያ የወይራ ቅጠል ያለበት ሰማያዊ ባንዲራ በሕገ መንግሥቱ በ21ኛው አንቀጽ የተጻፈ ነበር። በግንቦት 1952 ዓ.ም. «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ፤ ዋናው አስፈጻሚም ዋና አስተዳዳሪ ሆነ። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. በሐሚድ ኢድሪስ ዓዋተ የሚመራ ጥቂት የታጠቀ ሰው በምዕራብ ቆላ የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሰ።

ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. አባላቱ ተሰበሰቡ። አስፍሐ ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ሙሉ በሙሉ እንድትዋሐድ የሚለውን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያስ? የመንግሥቱ ዘገባ አባላቱ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት ይላል። ሌሎቹ ዘገባዎች ደግሞ ድምፅ የሚባል አልተሰጠም፣ የነበረው ጭብጨባ ነው፣ ያውም ከደጅ ታጣቂ ቆሞ ነው ይላሉ። በቁጥር 27 የወጣው ትእዛዝ ውሳኔውን በሕግ አጸናው፤ ምክር ቤቱም ከዚያ ቀን ወዲያ አልተሰበሰበም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «አንድነቱ እኮ ብዙ እውነተኛ ደጋፊ ነበረው» ይሉናል። አዎን፣ ነበረው፤ ይህን የሚክድ ታሪክን ይክዳል። ከልቡ አምኖ፣ የእናት አገር ፍቅር ይዞት የጮኸው ሕዝብ ትንሽ አልነበረም። ለዚህ ነው እኮ ነገሩ የበለጠ የሚያሳዝነው! እውነተኛ ደጋፊ ያለው ነገር መቆጠርን ምን ያስፈራዋል? ስም እየተጠራ «እሺ» ያለው እሺ፣ «እምቢ» ያለውም እምቢ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ የምናነበው አንድ ቁጥር በኖረን። አሁን ያለን ሁለት ተረት ነው። አንዱ ወገን «ወዶ ገባ» ይላል፤ ሌላው «ተገዶ ገባ» ይላል፤ የሚዳኝ መዝገብ የለም። በተረቶቹ መካከል የ30 ዓመት ጦርነት አለፈ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ሆነች። ጦርነቱ በዚህ ብቻ መጣ አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ሰው በድምፅ ሊቆጠር ሲገባው ሳይቆጠር ከቀረ፣ ኋላ የሚቆጠረው በሬሳ ነው።

ምክር ቤቱ ራሱም ከነቀፋ አይድንም። ሰንደቁን ያወረዱት፣ ስሙን የለወጡት አባላቱ ናቸው። አንዳንዱ አምኖ፣ አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱም ምናልባት እንደኛ «ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ምን ልሁን» ብሎ ነው። የአሠራር ደንብ ሰውን ጀግና አያደርግም። ግን ፈሪውም ቢሆን ስሙ ተጠርቶ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ለብቻው የተጠራ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከራሱ የበለጠ ደፋር ሆኖ ይገኛል።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ያ በጭብጨባ ያለፈው ሐሳብ እንደገና እንዲቀርብ ጠይቀናል። ሰብሳቢው «ለዚህች ትንሽ ነገር!» ብሎ ፈገግ አለ። ትንሽ ናት፤ እውነት ነው። የተለማመድነው በትንሿ ነውና፣ በትንሿ ደግሞ መማር ይሻለናል። በዚያ ቀን እጃችንን እናወጣለን፤ ስምንታችንም እንቆጠራለን፤ ሦስታችን ብንሸነፍም «በአምስት ለሦስት» ተብሎ ይጻፍልን።