ስለ እግር መረገጫ

ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ የእግር መረገጫ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በጥንት ዘመን ይህ ዕቃ የድል ምልክት ነበር፤ ንጉሥ በዙፋኑ ተቀምጦ እግሩን ሲያሳርፍበት ጠላቶቹን እንደ ረገጠ ይቆጠርለት ነበርና። በ1915 ዓ.ም. በግብፅ አገር የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ሲገኝ፥ ከዕቃዎቹ መካከል የታሰሩ ምርኮኞች የተሣሉበት የእግር መረገጫ ነበረ። ይሁን እንጂ ይህ ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲወጣ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያህል ብቻ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ለዚያ ሕፃን መረገጫው ከክብሩ ይልቅ መሬት ለማይደርሰው እግሩ ሳያስፈልገው አልቀረም።

በአገራችን የቀድሞ ሰዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በጉልበቱ ላይ አኑሮ ይጽፍ ነበር፤ የቆሎ ተማሪም መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በርጩማችንም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ የተቀመጠበት ሰው እግር ከመሬት አይለይም። ችግሩ የመጣው ከአግዳሚ ወንበርና ከዴስክ ጋራ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወደ ወላይታም የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ገቡ። እኔም ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ነው።

በሶዶና በዙሪያዋ ባስተማርሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ለትልቅ ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ይንጠለጠላል፤ የአግዳሚው ጠርዝ ጭኑን ከሥር ይጫነዋል፤ እግሩ ይደነዝዛል፤ ከዚህ የተነሣ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጀርባው ይጎብጣል፤ ዓይኑም ከደብተሩ ላይ ይደፋል። ያን ጊዜ ሰው «ይህ ልጅ አይረጋም፤ ሰነፍ ነው» ይላል። አሜሪካዊው የትምህርት ሰው ሄንሪ ባርናርድ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ስለ ትምህርት ቤት አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ የነቀፈው ልጁን ሳይሆን፥ እግርን መሬት የማያስደርሰውን ከፍ ያለ ወንበር ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአናጢ የተረፈ ጣውላ ወይም የማይነቃነቅ ሣጥን ይበቃል። ከፍታው በተንጠለጠለው እግርና በመሬት መካከል ያለውን ክፍት የሚሞላ ይሁን፤ ውስጥ እግር በሙሉ ይረፍበት፤ ጭንም ከጠርዙ ጫና ይላቀቅ። በቢሮ ሲጽፍ የሚውል ቁመተ አጭር ሰውም ቢሆን ይህን ለማድረግ ሊያፍር አይገባውም።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ከእናንተ አንዱ መምህር፥ አንዱ አናጢ፥ ሌላው ሹም ይሆናል። ልጅ ሲቁነጠነጥ ብታዩ፥ ከመገሠጻችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እግሩን ተመልከቱ። የጥንት ነገሥታት መረገጫውን ያሠሩት ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ነበር፤ እናንተ ግን ታናሹን ለመደገፍ ሥሩት።