ከጉልት ወደ ኪስ

ስለ መስጠት ሲነሣ ብዙዎቻችን የወንጌሏን መበለት እንጠራለን፤ ሁለት ናስ ጥላ ከባለጠጎቹ ሁሉ በለጠች የተባለችውን። ደግ ነው። ግን የእኛም አገር ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ምስክር አለው፤ ፍለጋውም ሩቅ አያስኬድም፤ መርካቶ ይበቃናል።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አራዳን ለነጮች ለይቶ ገበያተኛውን ወደ ምዕራብ አወረደው፤ ቦታውንም «የአገሬው ሰው መርካቶ» አለው። ስያሜው የንቀት ነበር፤ ሕዝቡ «መርካቶ»ን ብቻ አስቀርቶ የራሱ አደረገው። ዛሬ እዚያ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ምጽዋቱም ዘካውም ከዚያው ከአንዱ ገበያ ይወጣል።

ቤተ ክህነት ግን ለብዙ ዘመን የኖረችው በዋናነት በመሬት ነው። ነገሥታቱ ጉልት ሰጧት፤ «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚባለውም ከዚያ ነው። ለመሆኑ ሰጪው ማን ነበር? ጉልቱን የሰጠው ንጉሥ ይባል እንጂ እህሉን አርሶ፣ አጭዶ፣ ተሸክሞ የሚያገባው ገበሬው ነው። ፈቃዱን የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለውን በሙሉ ልብ የተሰጠ ለማለት እኛ ይቸግረናል።

የመርካቶ ቸርቻሪ ጉልት የለውም፤ ያለው የዕለት ሽያጩ ነው። ስለዚህ ከኪሱ ያወጣል፦ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ለታቦቱ ጥላ፣ ለመቅደሱ መጋረጃ። ብዙው ስለት ነው። መቸም ስለት ንግድ ንግድ መሽተቱ አይካድም፤ «ይኼን ብታደርግልኝ ይኼን አገባለሁ» ማለት ዋጋ መከራከር አይደል እንዴ! ቢሆንም ደረሰኝ የሌለው ዕዳ ነው፤ ፖሊስ ሳይጠራው፣ ዳኛ ሳይፈርድበት ይከፍለዋል።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በአምስት ወር ውስጥ ጉልቱም ኪራዩም ሄደ።

ደግነቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር፤ ይኸውም ምእመናን በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አቋቁመው፣ መዋጮ ከፍለው ቤተ ክርስቲያናቸውን ራሳቸው ያቆሙ ዘንድ ነው። ፓትርያርኩን ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ገደላቸው። ደንቡ ግን ቀረ። ቄሱም ከእንግዲህ በባለ ሱቁና በተሸካሚው መዋጮ የሚያድር ሆነ። መርካቶ ሲያደርገው የነበረውን አገሩ ሁሉ ተማረው ብንል አልበዛም።

ዛሬ ደግሞ ብዙ የከተማችን አድባራት አጥራቸውን ሱቅ አድርገው ያከራያሉ። ቀዳሽ ይራብ አንልም። ኪራዩ ከሙዳየ ምጽዋቱ ሲበልጥ ግን ቃሪያ ቸርቻሪዋ ከመቀነቷ ፈትታ የምትጥላት ብር ለማን ታስፈልጋለች? ሰበካ ጉባኤው ሣጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የእሷን ይቁጠርልን።